ኑል ሲቆረጥ፣ መስመር ሲረዝም፦ ሰርኪዩትን በማትሪክስ መፍታት

ቡሬ_ኤሌክትሮ፦

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። የድልድይ ቅርጽ ያለው ሰርኪዩት አለ፤ ሲሪስና ፓራለል እያሉ ቢጨምቁት አይወጣም። 12 ቮልት ምንጭ አለው፤ ፖዘቲቩ ኖድ (ሽቦዎች የሚገናኙበት ነጥብ) ሀ ላይ፣ ኔጋቲቩ ኖድ መ ላይ ነው። ሬዚስተሮቹ እነዚህ ናቸው፦

ሀ–ለ 1 ኪሎ ኦም
ሀ–ሐ 2 ኪሎ ኦም
ለ–ሐ 2 ኪሎ ኦም
ለ–መ 2 ኪሎ ኦም
ሐ–መ 1 ኪሎ ኦም

በአራቱም ኖዶች ላይ የኪርኮፍን የከረንት ሕግ (ወደ ኖድ የገባ ከረንት ያህል ይወጣል የሚለውን) ጻፍሁ። በሚሊ ሲመንስ (በኮንዳክታንስ፣ ማለትም 1 ሲካፈል ለሬዚስታንስ፣ መለኪያ) የወጣው ማትሪክስ ይኸ ነው፦

ሀ፦ 1.5 | −1 | −0.5 | 0
ለ፦ −1 | 2 | −0.5 | −0.5
ሐ፦ −0.5 | −0.5 | 2 | −1
መ፦ 0 | −0.5 | −1 | 1.5

ካሲዮ 991 ኢኤክስ ላይ አስገብቼ ኢንቨርስ ሳዘው «ማዝ ኤረር» ይላል። ቁጥሮቹን ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ፤ ትክክል ናቸው። ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለምን እምቢ አለ? 12 ቮልቱስ የት ነው የሚገባው? ሁለተኛ፣ ይኸ ነገር ከክፍል ወጥቶ ይሠራል ወይ? ማታ ማታ ምጣድ ሲጣድ አምፖሉ የሚደበዝዝበትን የሰፈር መስመር በዚሁ ማስላት ይቻላል?

መምህር_ዘማርቆስ፦

ማትሪክስህ ትክክል ነው፤ እምቢ ያለው አንድ እኩልታ በከንቱ ስለተደገመ ነው። አራቱን ረድፎች ደምራቸው፤ እያንዳንዱ ዓምድ ዜሮ ይሰጥሃል። ከአንድ ኖድ የወጣ ከረንት ሌላ ኖድ መግባቱ ግድ ስለሆነ፣ የሦስቱ እኩልታ ከተጻፈ በኋላ አራተኛው አዲስ ነገር አይናገርም። ዲተርሚናንቱ ዜሮ የሚሆነው ለዚህ ነው። ከፊዚክሱ ወገን ብታየውም ያው ነው። ቮልቴጅ የሁለት ነጥቦች ልዩነት ነው። ለአራቱም ኖዶች እኩል 100 ቮልት ብትጨምርላቸው ከረንቶቹ ንቅንቅ አይሉም፤ ስለዚህ መልሱ አንድ ሳይሆን ስፍር ቁጥር የለውም። ካልኩሌተሩ የቱን ይምረጥልህ?

መፍትሔው አንዱን ኖድ ግራውንድ ብሎ ዜሮ ቮልት መስጠት ነው። መ ይሁን። የመ ረድፍና የመ ዓምድ ሁለቱም ይሰረዛሉ። ብዙ ተማሪ ረድፉን ሰርዞ ዓምዱን ይተዋል፤ ያኔ ማትሪክሱ ካሬ አይሆንም።

አሁን 12 ቮልቱ። ሀ ከግራውንድ ጋር በምንጭ የታሰረ ስለሆነ ቮልቴጁ አስቀድሞ ታውቋል። ያልታወቁት ለ እና ሐ ብቻ ናቸው። በእነሱ ረድፍ ላይ የሀን ቁጥር በ12 አባዝተህ ምልክቱን ቀይረህ ወደ ቀኝ አሻግር፦

2ቮለ − 0.5ቮሐ = 12
−0.5ቮለ + 2ቮሐ = 6

ዲተርሚናንቱ 4 − 0.25 = 3.75 ነው። ቮለ = (24 + 3) ÷ 3.75 = 7.2 ቮልት። ቮሐ = (12 + 6) ÷ 3.75 = 4.8 ቮልት። ኮንዳክታንሱ በሚሊ ሲመንስ ስለሆነ ቀኝ እጁ በሚሊ አምፔር ነው፤ ቮልቱ ግን ቮልት ሆኖ ይወጣል።

ማመሳከሪያውን አትዝለል። ከምንጩ የሚወጣው ከረንት በሀ–ለ 4.8፣ በሀ–ሐ 3.6፣ ድምሩ 8.4 ሚሊ አምፔር ነው። ምንጩ የሚሰጠው 12 × 8.4 = 100.8 ሚሊ ዋት። አምስቱ ሬዚስተሮች የሚበሉት 23.04 + 25.92 + 2.88 + 25.92 + 23.04 = 100.8። ገቢና ወጪ ካልተካከለ የሆነ ቦታ ምልክት ተገልብጧል ማለት ነው።

ቡሬ_ኤሌክትሮ፦

መምህር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ ከሆነ እኩልታውን መጻፍ ሳያስፈልግ ማትሪክሱን በቀጥታ መሙላት አይቻልም?

መምህር_ዘማርቆስ፦

ይቻላል፤ እንዲያውም እንዲያ ነው መለመድ ያለበት። በዲያጎናሉ (ከላይ ግራ ወደ ታች ቀኝ በሚወርደው ሰያፍ) ላይ ኖዱን የሚነኩ ኮንዳክታንሶች ሁሉ ድምር በፕላስ ይገባል። ከዲያጎናሉ ውጭ በሁለቱ ኖዶች መካከል ያለው ኮንዳክታንስ በማይነስ ይገባል፤ ካልተገናኙ ዜሮ ነው። በቀኝ በኩል ወደ ኖዱ የሚገባ የከረንት ምንጭ በፕላስ፣ የሚወጣ በማይነስ። ሬዚስተርና ነጻ ምንጭ ብቻ ካለ ማትሪክሱ ከዲያጎናሉ ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት ይሆናል። አንድ ዓይነት ካልሆነ ሞልተህ የተሳሳትኸው ነገር አለ። ትራንዚስተር ወይም ሌላ ጥገኛ ምንጭ ሲኖር ግን ይኸ መመሳሰል ይፈርሳል፤ ያኔ ስሕተት አይደለም።

ዳንግሌ፦

ሁሉም ሰው የሚወድቅባት ጉድጓድ እች ነች፦ አንዱን ሬዚስተር በኦም፣ ሌላውን በኪሎ ኦም። 470 ኦምና 2.2 ኪሎ ኦም ባለበት ሰርኪዩት 1÷470 እና 1÷2.2 ብሎ አንድ ማትሪክስ ውስጥ የከተተ ሰው የሺህ እጥፍ ስሕተት ይዞ ይወጣል። ወይ ሁሉንም በኦም ጽፈህ ከረንቱን በአምፔር አንብብ፣ ወይ ሁሉንም በኪሎ ኦም ጽፈህ በሚሊ አምፔር አንብብ። መካከለኛ መንገድ የለም።

ጮቄ፦

ለዚህ ሰርኪዩት ሜሽም ያምራል እኮ። ሦስት ቀለበት ነው። እያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ ያለው የሬዚስታንስ ድምር ዲያጎናሉ ላይ፣ ሁለት ቀለበቶች የሚጋሩት በማይነስ፦

3 | −1 | −2 → 12
−1 | 5 | −2 → 0
−2 | −2 | 5 → 0

የሚወጣው 8.4፣ 3.6 እና 4.8 ሚሊ አምፔር ነው፤ ከመምህር ቁጥር ጋር ይገጥማል። ከረንት ከፈለግህ ሜሽ በቀጥታ ይሰጥሃል፤ በኖድ ግን ቮልቴጅ አግኝተህ ማካፈል አለብህ።

መምህር_ዘማርቆስ፦

በእጅ ለሚሠራ ትንሽ ሰርኪዩት አልከራከርህም። ቁጥሩን እንመልከት፦ ቅርንጫፍ 6፣ ኖድ 4። የኖድ ዘዴ ከኖዶች ቁጥር አንድ ሲቀነስ 3 ነው፤ ምንጩ አንዱን ስላሳወቀን 2 ቀረ። የሜሽ ዘዴ 6 − 4 + 1 = 3 ይፈልጋል። ይኸን የነጻ ቀለበቶች ቁጥር ኪርኮፍ በ1847 እ.ኤ.አ. አስቀምጦታል፤ ሁለቱን ሕጎች ያወጣው ገና ተማሪ ሳለ በ1845 ነበር።

ሜሽን ለትልቅ ሥራ የማይመርጡት ግን በቁጥር ብቻ አይደለም። ወረቀት ላይ ሽቦ ሳይሻገር ሊሣል የማይችል ሰርኪዩት ሲመጣ «መስኮት» የሚባለው ቀለበት ይጠፋል። ኮምፒዩተርም ሥዕል አያይም፤ የሚያየው «ይኸ ዕቃ ከኖድ 3 ወደ ኖድ 7» የሚል ዝርዝር ነው። ከዝርዝር ወደ ኖድ ማትሪክስ መሄድ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሬዚስተር አራት ቦታ ላይ ማኅተሙን ያሳርፋል፦ ሁለት ዲያጎናል ላይ በፕላስ፣ ሁለት ከዲያጎናል ውጭ በማይነስ። ግራውንድን የሚነካ ከሆነ አንድ ቦታ ብቻ።

ሞጣ_ዘጠኝ፦

ምንጩ ከግራውንድ ጋር ሳይሆን በሁለት ተንሳፋፊ ኖዶች መካከል ቢሆንስ? መምህር ያሳዩት ማሻገር ያኔ አይሠራም። ሱፐርኖድ የሚባል መላ አለ፤ ግን ለኮምፒዩተር የሚመቸው ማትሪክሱን ማስፋት ነው። የምንጩን ከረንት ራሱን እንደ ያልታወቀ ቁጥር አስገባው፤ አንድ ዓምድ ጨምር። ቮልቴጁን የሚናገር አንድ ረድፍም ጨምር። በዚሁ ሰርኪዩት፦

1.5 | −1 | −0.5 | 1 → 0
−1 | 2 | −0.5 | 0 → 0
−0.5 | −0.5 | 2 | 0 → 0
1 | 0 | 0 | 0 → 12

መልሱ 12፣ 7.2፣ 4.8 እና −8.4 ነው። የመጨረሻዋ ማይነስ ሰው ታደናግራለች። ከኖድ ሀ ወጥቶ ወደ ምንጩ የሚገባውን ከረንት ፕላስ ብለን ስለጀመርን ነው፤ ምንጩ ከረንት የሚሰጥ ከሆነ ማይነስ መውጣት አለበት። ፕላስ ከወጣ ምንጩ ቻርጅ እየተደረገ ነው።

ዘዴውን ሆ፣ ሩህሊ እና ብሬናን በ1975 እ.ኤ.አ. ነው ያሳተሙት። ስፓይስ የሚባለው ሶፍትዌርም በዚሁ ነው የሚሄደው።

በራሳችሁ ፕሮግራም የምትጽፉ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የመጨረሻው ዲያጎናል ዜሮ ነው። ረድፍ የማይለዋውጥ የጋውስ ማጥፊያ ብትጽፉ የምንጩ ረድፍ ቀድሞ የመጣ ዕለት በዜሮ ያካፍልባችኋል። በየደረጃው ከዓምዱ ትልቁን ቁጥር ፈልጎ ረድፉን ወደ ላይ ማምጣት ያስፈልጋል። ኢንቨርስም አታስሉ። ማትሪክሱን ወደ ታችና ላይ ሦስት ማዕዘን ከፍሎ መፍታት ሥራውም ያንሳል፣ ስሕተቱም ያንሳል፤ ቀኝ እጁ ሲቀያየር ደግሞ ያንኑ ክፍፍል እንደገና መጠቀም ይቻላል።

እንጅባራ_ሶላር፦

ከባትሪ ወገን አንድ ልጨምር። ሁለት ባትሪ ፓራለል ሲታሰር ሁለቱንም ንጹሕ ቮልቴጅ ምንጭ ብላችሁ ብታስገቡ ማትሪክሱ አሁንም ይሞታል። አንዱ ረድፍ «ይኸ ኖድ 12.6 ነው» ይላል፣ ሌላው «12.0 ነው» ይላል፤ ሁለቱ አይታረቁም። እኩል ቮልቴጅ ቢሆኑ እንኳ ከረንቱ እንዴት እንደሚከፋፈል የሚናገር እኩልታ የለም። የውስጥ ሬዚስታንስ ማስገባት ግድ ነው። ለእያንዳንዳቸው 0.02 ኦም ብትሰጧቸው ጭነት ሳይኖር እንኳ (12.6 − 12.0) ÷ 0.04 = 15 አምፔር ከአንዱ ወደ ሌላው ይፈስሳል። አሮጌና አዲስ ባትሪ አንድ ላይ አትሰሩ የሚባለው ለዚህ ነው። ሲሙሌተር ሲጮህ ሶፍትዌሩን የሚወቅስ ብዙ ነው፤ እውነተኛው ሽቦም ቢሆን ይጮሃል።

ሌላው በዲሲ ትንተና ጊዜ በሁለት ካፓሲተር መካከል የቀረ ኖድ ነው። ካፓሲተር በዲሲ ክፍት ስለሆነ የኖዱ ረድፍ ሙሉ በሙሉ ዜሮ ይሆናል። ከኖዱ ወደ ግራውንድ አንድ ትልቅ ሬዚስተር፣ ለምሳሌ 1 ጊጋ ኦም፣ ማስገባት ያድናል።

ዳንግሌ፦

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ፤ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ለምሳሌ ከአዴት ወጣ ብሎ ያለ ሰፈር እንውሰድ። ከትራንስፎርመሩ አንድ ፌዝና ኑል በየ200 ሜትሩ ሦስት ማዞሪያ ላይ ይደርሳል፤ በእያንዳንዱ ማዞሪያ አንድ ቤት አለ፤ በየቤቱም አንድ 4 ኪሎ ዋት ምጣድ ተጥዷል እንበል። 50 ስኩዌር ሚሊሜትር አሉሚኒየም በኪሎሜትር ወደ 0.6 ኦም ነው። 200 ሜትር 0.12 ኦም፤ ግን ከረንቱ በፌዝ ሄዶ በኑል ይመለሳል፣ ስለዚህ 0.24 ኦም። የኑሉን መንገድ የረሳ ሰው የቮልቴጅ ውድቀቱን በግማሽ አሳንሶ ይገምታል። (ኑሉ ከፌዙ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ለየብቻ አስልታችሁ ደምሩ።)

የምጣዱ ሬዚስታንስ 220 × 220 ÷ 4000 = 12.1 ኦም። ማትሪክሱ በሲመንስ፦

8.416 | −4.167 | 0 → 916.7
−4.167 | 8.416 | −4.167 → 0
0 | −4.167 | 4.249 → 0

916.7 ማለት 220 ÷ 0.24 ነው። መልሱ 208.0፣ 200.2 እና 196.3 ቮልት ነው። ከትራንስፎርመሩ የሚወጣው 50 አምፔር አካባቢ ነው። መጨረሻ ያለው ቤት 23.7 ቮልት አጥቷል፤ ወደ 11 በመቶ። ምጣድ የሚያሞቀው በቮልቴጅ ካሬ ስለሆነ የዚያ ቤት ምጣድ የሚሠራው 4000 × (196.3 ÷ 220)² ≈ 3185 ዋት ብቻ ነው። እንጀራው ዓይን አላወጣም የሚባለው ሁልጊዜ የሊጡ ጥፋት አይደለም።

ቡሬ_ኤሌክትሮ፦

ይኸን በካልኩሌተር ስሠራ ቁጥሮቹን አሳጥሬ 8.4፣ 4.2 እና 4.2 አልኋቸው። ሦስቱም ቤት እኩል 218.3 ቮልት ወጣ። ምን ነካው?

ሞጣ_ዘጠኝ፦

ምጣዶቹን ጠርገህ አወጣሃቸው። የመስመሩ ኮንዳክታንስ 4.167 ነው፣ የምጣዱ 0.083 ብቻ። ዲያጎናሉ ላይ ሁለቱ ተደምረው 4.249 ሲሆኑ የጭነቱ መረጃ ያለው በሁለተኛና በሦስተኛ አሐዝ ላይ ነው። ወደ አንድ አሐዝ ስታሳጥር 4.2 − 4.2 ዜሮ ሆነ፤ ጭነት የሌለው መስመር ፈታህ። ወደ ሁለት አሐዝ ብታሳጥር እንኳ የመጨረሻው ቤት 196.3 ሳይሆን 197 ይወጣል።

ትንሽ ሬዚስታንስ ከትልቅ ጋር በአንድ ማትሪክስ ሲገናኝ ይኸ ሁልጊዜ ይመጣል። 0.001 ኦም ያለው ስዊችና 10 ሜጋ ኦም ያለው የመልቲሜትር መግቢያ አንድ ኖድ ላይ ካሉ 1000 እና 0.0000001 ልትደምር ነው። ስለዚህ መሐል ላይ አታሳጥር፤ መጨረሻ ላይ አሳጥር። እዚህ ግባ የማይባል ሬዚስታንስ ያለውን ሽቦ ደግሞ ኖዶቹን አዋሕደህ አጥፋው።

ጮቄ፦

ለእንዲህ ያለ አንድ መስመር ማትሪክስም አያስፈልግ። መጨረሻው ቤት 1 ቮልት ነው ብላችሁ ወደ ትራንስፎርመሩ ተመለሱ፦ 1 ቮልት ከሆነ 0.0826 አምፔር ይስባል፤ ያ በ0.24 ሲባዛ ተደምሮ ሁለተኛው ቤት 1.0198 ይሆናል፤ እንዲህ እያሉ ሄደው መነሻው 1.121 ይወጣል። 220 ÷ 1.121 = 196.3። ሊኒየር ስለሆነ ሁሉም ቁጥር በዚያው ልክ ያድጋል። መስመሩ ቅርንጫፍ ካወጣ ግን መላው ይወሳሰባል፤ ዙሮ የሚገናኝ ከሆነ ጭራሽ አይሆንም፤ ወደ ማትሪክስ ተመለሱ።

ዳንግሌ፦

ያ የሚሠራው ለምጣድና ለአምፖል ነው። የወፍጮ ሞተር ሬዚስተር አይደለም። ቮልቴጅ ሲወርድበት ሥራው ስለማይቀንስ የበለጠ ከረንት ይስባል። እንዲህ ዓይነቱን ጭነት በዙር ነው የሚያስሉት። መጀመሪያ እንደ ሬዚስተር ፍታው፤ ያገኘኸውን ቮልቴጅ ይዘህ ኮንዳክታንሱን «ዋት ሲካፈል ለቮልቴጅ ካሬ» ብለህ አድስ፤ ማትሪክሱን እንደገና ፍታ። ከላይ ያሉት ሦስት ጭነቶች ኃይላቸው የማይለወጥ 4 ኪሎ ዋት ቢሆኑ የመጨረሻው ቤት በየዙሩ 196.3፣ 191.7፣ 190.7፣ 190.4 ይሆናል። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ሲያንስ አቁም። ቁጥሩ እየረጋ ሳይሆን እየወረደ ከሄደ መስመሩ ያን ጭነት ጨርሶ አይሸከምም ማለት ነው።

የጣና_ዳር፦

ሞተር ካነሣችሁ ኤሲው ተረስቷል። ሞተር 8 + ጄ6 ኦም (ጄ የምናባዊ ቁጥር ምልክት ነው) ነው እንበል፣ መስመሩ 0.5 ኦም። ኢምፒዳንሱ (በኤሲ ከረንትን የሚቃወመው ጠቅላላ መጠን) በመጠን 10 ኦም ስለሆነ ብዙ ሰው 220 × 10 ÷ 10.5 ብሎ 209.5 ይላል። ትክክለኛው 211.5 ነው። መጠን ከመጠን ጋር አይደመርም፤ አንግሉ አለ።

ካሲዮ 991 ማትሪክስ ውስጥ ኮምፕሌክስ ቁጥር አይቀበልም። መላው እውነተኛውንና ምናባዊውን ክፍል ለይቶ ማትሪክሱን በእጥፍ ማስፋት ነው። የኖዱ አድሚታንስ (የኢምፒዳንስ ግልባጭ) 2 + 0.08 − ጄ0.06 ነው። እውነተኛው ክፍል ሸ፣ ምናባዊው ቀ ይሁን፦

2.08ሸ + 0.06ቀ = 440
−0.06ሸ + 2.08ቀ = 0

ሸ = 211.36፣ ቀ = 6.10፤ የሁለቱ ካሬ ድምር ሥሩ 211.45 ቮልት። በጥቅሉ ኮንዳክታንሱ ሁለቱም ዲያጎናል ላይ፣ ሰሴፕታንሱ (የአድሚታንሱ ምናባዊ ክፍል) ከዲያጎናል ውጭ አንዴ በማይነስ አንዴ በፕላስ ይገባል። ሞተር ላይ ሰሴፕታንሱ ራሱ ማይነስ ስለሆነ ላይኛው ፕላስ ሆኖ ወጣ። ሁለት ኖድ ካላችሁ 4 በ4 ይሆናል፤ 991 ኢኤክስ እሱን ይችላል፣ የቀድሞው ኢኤስ 3 በ3 ላይ ይቆማል።

ከጣና በለስ 460 ሜጋዋቱ የሚወጣበትን ከፍተኛ መስመር የሚያሰሉትም በዚሁ የአድሚታንስ ማትሪክስ ነው፤ ኖዱ ሰብስቴሽን ይሆናል፣ ማትሪክሱ በአብዛኛው ዜሮ ይሞላል፣ ዙሩ ደግሞ በኒውተን ራፍሰን ይሆናል።

እንጅባራ_ሶላር፦

ኑል ሲቆረጥ የሚሆነውን ደግሞ አንድ ሰው ያስላልን። ቴሌቪዥን የሚቃጠለው ለምንድን ነው? ኑል ላይ እኮ ቮልቴጅ የለም ይባላል።

ዳንግሌ፦

«የለም» የሚባለው እስካልተቆረጠ ድረስ ነው። ሦስት ፌዝ 220 ቮልት፤ በአንዱ ላይ 4000 ዋት ምጣድ፣ በሌሎቹ ሁለት ላይ 500 ዋት 500 ዋት እንበል። ከትራንስፎርመሩ በኩል ኑሉ ከተበጠሰ የቤቶቹ ኑል አንድ ተንሳፋፊ ኖድ ይሆናል። ያልታወቀው አንድ ብቻ ስለሆነ ማትሪክሱ 1 በ1 ነው፦ የሦስቱ ፌዝ ቮልቴጅ እያንዳንዱ በኮንዳክታንሱ ተባዝቶ ተደምሮ ለኮንዳክታንሶቹ ድምር ይካፈላል።

ሁለቱ ትናንሽ ፌዞች በ120 ዲግሪ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ምናባዊ ክፍላቸው ይጣፋል፣ እውነተኛው −250 እና −250 ይሆናል። 220 × (4000 − 500) ÷ 5000 = 154 ቮልት። ኑሉ ወደ ምጣዱ ፌዝ 154 ቮልት ተጠግቷል። ምጣዱ ላይ የቀረው 66 ቮልት፤ 360 ዋት ብቻ፣ ለብ አይልም። በሌሎቹ ሁለት ፌዞች ላይ ያለው ቤት ግን 326 ቮልት ደርሶታል። ቴሌቪዥን በእርግጥ ንጹሕ ሬዚስተር አይደለም፤ ቁጥሩ ጥቂት ይለያያል፤ ውጤቱ ግን ያው ነው፦ ጭነት ያነሰበት ፌዝ ይቃጠላል።

ከመበጠሱ በፊት ያለው ደረጃ ይበልጥ ይጠቅማችኋል። የላላ ማያያዣ እንደ ሬዚስተር ነው፤ ኮንዳክታንሱ ታች ባለው ድምር ላይ ይጨመራል። ጤነኛ ኑል በዚህ ጭነት 15.9 አምፔር ይሸከማል። ማያያዣው 1 ኦም ሲሆን ኑሉ 14.4 ቮልት ይነሣል፣ እዚያች ነጥብ ላይ 208 ዋት ይነዳል። 5 ኦም ሲደርስ 52.5 ቮልት ይሆናል፤ የምጣዱ ፌዝ 167.5፣ ሌሎቹ 250፤ ማያያዣው ላይ 550 ዋት። በጥፍር የምታህል ቦታ ላይ ይኸን ያህል ሙቀት ሲያድር ብረቱ እያረጀ፣ ሬዚስታንሱ እየጨመረ፣ መጨረሻው መበጠስ ነው።

ምርመራው ኑል ሳይነቀል ይሠራል፤ ጭነት እያለ ኑል መንቀል ራሱ 326 ቮልቱን ማምጣት ነው። ትልቁን ጭነት አብርታችሁ ሦስቱንም ፌዝ ከኑል ጋር ለኩ። አንዱ ሲወርድ ሌሎቹ ከነበሩበት በግልጽ ከወጡ ኑሉ ላልቷል። አንዱ ብቻ ወርዶ ሌሎቹ ባሉበት ከረጉ ችግሩ በዚያ ፌዝ መስመር ላይ ነው። ምሰሶ ላይ ያለውን ማያያዣ የሚነካው የመብራት ኃይል ሠራተኛ ነው እንጅ የሰፈር ሰው አይደለም።

ቡሬ_ኤሌክትሮ፦

የአዴቱን ምሳሌ ልመለስበት። ሽቦ ለመወፈር ያለው ለአንድ ክፍል ብቻ፣ ለ200 ሜትር፣ የሚበቃ ቢሆን የትኛውን ክፍል ማወፈር ይሻላል? ሰው ሁሉ «መጨረሻው ቤት ስለሆነ የሚቸገረው መጨረሻውን» ነው የሚል።

መምህር_ዘማርቆስ፦

እዚህ ላይ ነው ኢንቨርስ የሚያስፈልገው፤ ለመፍታት ሳይሆን ለማንበብ። የምጣዶቹን አውጥተህ የመስመሩን ብቻ ማትሪክስ ገልብጠው፣ በኦም፦

0.24 | 0.24 | 0.24
0.24 | 0.48 | 0.48
0.24 | 0.48 | 0.72

ሦስተኛው ዓምድ የሚለው «በመጨረሻው ቤት 1 አምፔር ብትስብ በየቤቱ ስንት ቮልት ይወርዳል» ነው። 10 አምፔር መጨረሻው ቤት ሲሳብ በመጀመሪያው 2.4፣ በሁለተኛው 4.8፣ በራሱ 7.2 ቮልት ይወርዳል። ያው 10 አምፔር መጀመሪያው ቤት ላይ ቢሆን ሦስቱም ጋ 2.4 ብቻ።

አሁን አንድን ክፍል በእጥፍ አወፍረው፤ 0.24 ወደ 0.12 ይወርዳል። የመጀመሪያው ክፍል ከሆነ ከዘጠኙም ቁጥሮች ላይ 0.12 ይቀነሳል። መካከለኛው ከሆነ ከታች በቀኝ ካሉት አራቱ ላይ። የመጨረሻው ከሆነ ከአንዷ 0.72 ላይ ብቻ። ከረንቱም ቢሆን በመጀመሪያው ክፍል 50 አምፔር፣ በመጨረሻው 16 አምፔር ነው የሚያልፈው፤ ከ23.7 ቮልት ውድቀት 12ቱ የሚጠፋው በመጀመሪያው 200 ሜትር ነው። ሽቦውን ከትራንስፎርመሩ ሥር ጀምር።